ለላሊበላ እግረኛ መንገዱን ማን ያሰናዳለት?

ኅዳር ተጋምሶ ታኅሣሥ ሲቃረብ ስለ ላሊበላ የሚወራው በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነው፡፡ ሆቴሎች ምን ያህል አልጋ እንዳሰናዱ፣ ስንት በረራ እንደተጨመረ፣ ምን ያህል የውጭ ቱሪስት እንደሚጠበቅ፣ የትኛው ባለሥልጣን በበዓሉ ላይ እንደሚገኝ እንሰማለን፡፡ ይህ ሁሉ ጥቅም የለውም አይባልም፤ ከተማይቱ የምትኖረው በእንግዳ ነውና፡፡ ዳሩ ግን የገናን በዓል በላሊበላ ታላቅ ያደረገው በአውሮፕላን የሚመጣው እንግዳ አይደለም፡፡ ከዋግ፣ ከትግራይ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከሸዋና ከራሱ ከወሎ ደጋና ቆላ በእግሩ የሚመጣው ገበሬ፣ በመቋሚያዋ የምትራመድ ባልቴት፣ የቆሎ ተማሪና ሕፃን ያዘለች እናት ናቸው፡፡ ስለ እነርሱ ጉዞና ዝግጅት የሚያወራ ግን እምብዛም አይገኝም፡፡

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ እግረኛ ነው፡፡ የምለውም አጭር ነው፡፡ እግረኛው አቅሙ የፈቀደለትን ያህል ተዘጋጅቶ ከቤቱ ይወጣል፤ ያልተዘጋጀው መንገዱ ነው፡፡ መንገዱን ማሰናዳት ደግሞ የእግረኛው ሥራ አይደለም፡፡ የመንግሥት፣ የቤተ ክህነትና በየመንገዱ ዳር የምንገኝ የሁላችን ሥራ ነው፡፡ ከዚህም በላይ፣ ሥራው በበጎ ፈቃድ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሳይሆን ከሕገ መንግሥቱ የሚመነጭ ኃላፊነት ነው፡፡

ስንቅና ትጥቅ

በመጀመሪያ ተሳላሚው እንዴት እንደሚዘጋጅ እንመልከት፡፡ ብዙውን ጊዜ ጉዞው የሚጀምረው ከስለት ነው፡፡ ልጅ የታመመባት፣ ዘመድ የጠፋባት፣ ከብቱ ያለቀበት፣ ወይም ደግሞ ሁሉ ነገር ሞልቶለት ለማመስገን የፈለገ ሰው «ለገና ላሊበላን እስማለሁ» ብሎ ይሳላል፡፡ ገናም በአብዛኛው ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ይውላል፡፡ ይህ ወር ለገበሬው የአጨዳና የውቂያ ወር ነው፡፡ ስለዚህ የመጀመሪያው ዝግጅት አውድማውን ለማን ጥሎ እንደሚሄድ መወሰን ነው፡፡ በደቦም ሆነ በወንፈል ሥራውን አስቀድሞ ይጨርሳል፤ ካልቻለም ለጎረቤት አደራ ይሰጣል፡፡ ከተሜው ለሦስት ቀን ዕረፍት የሚጨነቀውን ያህል፣ ገበሬው የዓመት እህሉን ሜዳ ላይ ጥሎ ስለሚሄድባቸው ሳምንታት ይጨነቃል፡፡

ቀጥሎ ስንቁ ይሰናዳል፡፡ ወቅቱ ጾም ነው፡፡ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ስለሚዘልቅ ቅቤ ያለበት ጭኮ፣ ወተትም ሆነ ሥጋ አይታሰብም፡፡ ስለዚህ በሶ ይፈጫል፣ ቆሎ ይቆላል፣ ዳቦ ቆሎ ይጋገራል፣ እንጀራ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፡፡ እነዚህ ለመሸከም ቀላል፣ ለመበላሸት ሩቅ ናቸው፡፡ በሶ በውኃና በጨው ተበጥብጦ በአንድ ጊዜ ምግብም መጠጥም ይሆናል፡፡ ከዚህ በኋላ ጋቢ፣ ያለው ቡሉኮ ወይም ባና፣ ዱላ፣ የውኃ ቅል ወይም ኮዳ ይያዛል፡፡ በመጨረሻም ጓደኛ ይፈለጋል፡፡ ብቻውን የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው፡፡ የአንድ አጥቢያ ሰዎች ተሰባስበው፣ ከዚህ በፊት መንገዱን የሚያውቅ አንድ አዛውንት ከፊት አስቀድመው ይወጣሉ፡፡ ምንጩ የት እንዳለ፣ ወንዙ በየት እንደሚሻገሩት፣ የትኛው መንደር እንግዳ እንደሚያሳድር የሚያውቀው እርሱ ነው፡፡

ይህ እውቀት ሊናቅ አይገባውም፡፡ ቀላልና የማይበላሽ ስንቅ፣ ተደራራቢ ልብስ፣ መሪና ጓደኛ፣ በቀን መሄድና በጊዜ ማረፍ በየትኛውም አገር ለረጅም የእግር ጉዞ የሚመከሩ ነገሮች ናቸው፡፡ አያቶቻችን ያለ መጽሐፍ ደርሰውበታል፡፡ ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የማይመልሳቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም የታኅሣሥ ብርድና ከብዙ ሰው መሰባሰብ የሚመጣ በሽታ ናቸው፡፡

የታኅሣሥ ብርድ እንዴት ይጥላል?

ታኅሣሥ በአቆጣጠራችን በጋ ነው፡፡ ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ሌሊቱ ግን ሰማዩ ጠርቶ ምድሪቱ ሙቀቷን ትተፋለች፡፡ በደጋው ላይ ንጋት ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይታያል፡፡ ላሊበላ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፡፡ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል፡፡ ከየአቅጣጫው የሚመጡት ተሳላሚዎች የሚያቋርጧቸው ጋራዎችና አምባዎችም ከከተማይቱ ከፍ ብለው የሚገኙ ናቸው፡፡ ከጎንደር በኩል የሚመጣው በደጋማዋ ጋሸና በኩል ያልፋል፡፡ ከጋሸና እስከ ላሊበላ ያለው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ለእግረኛ ሁለት፣ ለደካማ ደግሞ ሦስትና አራት ቀን የሚፈጅ ነው፡፡

ሰውን የሚጥለው ቀን ላይ ያለው ድካም አይደለም፤ ድካሙን ተከትሎ የሚመጣው ምሽት ነው፡፡ ቀኑን ሙሉ ዳገት ሲወጣ የዋለ ሰው ላብ በላብ ሆኖ ያመሻል፡፡ 12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ በአንዴ ይወርዳል፡፡ ልብሱ እርጥብ ነው፡፡ እስከ 9 ሰዓት ጾሞ ጥቂት በሶ የቀመሰ ሆድ ደግሞ ሙቀት የሚያመነጭበት ማገዶ የለውም፡፡ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፡፡ ከዚያ አንደበቱ ይተሳሰራል፤ እጁ አልታዘዝ ይለዋል፤ ያንቀላፋል፡፡ ጓደኞቹ «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» ይላሉ፡፡ ክፉው ነገር ይኸው ነው፡፡ መንቀጥቀጡን አቁሞ የሚያንቀላፋ ሰው የተሻለው ሳይሆን የባሰበት ነው፡፡ እንዲህ ያለውን ሰው ከነፋስ ከልሎ፣ እርጥቡን ልብስ አውልቆ፣ ደረቅ አልብሶ፣ በሁለት ሰዎች መካከል አስተኝቶ፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ትኩስና ጣፋጭ ነገር ማጠጣት ያስፈልጋል፡፡ አረቄ ያሞቃል የሚለው ልማድ ደግሞ ስህተት ነው፡፡ አረቄ ቆዳን ያሞቃል፤ ከውስጥ ግን ሙቀትን ያስወጣል፡፡

ስለዚህ ዘንድሮ የሚወጣ ሰው ከስንቁ ሌላ የሚከተሉትን ቢይዝ ይጠቀማል፡፡ ለሌሊት ብቻ የሚለበስ፣ ቀን ፈጽሞ የማይነካ አንድ ደረቅ ልብስና አንድ ደረቅ ካልሲ፡፡ እነዚህን ከጤዛ የሚጠብቅ ፌስታል፡፡ አዲስ ጫማ ለጉዞ አይገዛም፤ ከተገዛም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ በእግር ላይ ሊለመድ ይገባዋል፤ በውኃ የተቋጠረ እግር በሦስተኛው ቀን ጉዞውን ያስቆማልና፡፡ በብርድ ወቅት ጥም ቶሎ አይሰማም፤ ሰውነት ግን ውኃ ማጣቱን አያቆምም፡፡ ውኃ ቢቻል ይፈላ፣ ካልተቻለ ውኃ አጋር ይጨመርበት፡፡ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የመሄጃውንና የመመለሻውን ቀን ቆጥሮ፣ ጥቂት ቀን ጨምሮ መድኃኒቱን ይያዝ፡፡ ጾሙንም በተመለከተ ሕመም ያለበት ሰው ከመውጣቱ በፊት የንስሐ አባቱን ያማክር፡፡ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለታመመ ሰው የጾምን ሥርዓት ታላላለች፡፡ በመንገድ ላይ ወድቆ ሌላውን ማስቸገር ከጾም በረከት አይቆጠርም፡፡

ሁለተኛው አደጋ በሽታ ነው፡፡ ብርድ ሰውን ያቀራርባል፤ ልብስም ሳይወልቅና ሳይታጠብ ይከርማል፡፡ ቅማል የሚራባው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው፡፡ ከቅማል ጋር ተስቦና ግርሻ ይመጣሉ፡፡ ማጅራት ገትርም የሚበረታው በዚሁ በደረቁ ወቅት ነው፡፡ አገራችን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ትገኛለች፡፡ ኮሌራንም አንርሳ፡፡ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ በምዕራብ ጎንደር ቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ስፍራ የተቀሰቀሰው ኮሌራ ብዙ ሕዝብ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ በሌለበት ሲሰበሰብ ምን እንደሚደርስ አሳይቷል፡፡ እነዚህን አንድ ተሳላሚ በጋቢና በበሶ አይከላከላቸውም፡፡

«ብርዱንስ ጋቢዬ አለ ልጄ»

ከሰሜኑ ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት በአንዱ፣ ለሥራ ጉዳይ ከጋሸና ወደ ላሊበላ በመኪና ስንወርድ ቁልመስክን ካለፍን በኋላ መንገድ ዳር ያረፉ ተሳላሚዎች አገኘን፡፡ ከመካከላቸው አንዲት ባልቴት ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሻሉ፡፡

«እማማ፣ ከየት ነው የመጡት?» አልኳቸው፡፡

«ከእስቴ ነው ልጄ፡፡ ዛሬ ዐሥረኛ ቀኔ ነው፡፡»

«መኪናው ላይ ቦታ አለ፤ ይግቡ፣ እናድርስዎት፡፡»

«እግዜር ይስጥልኝ፡፡ በእግሬ ብዬ ተስያለሁ፤ እዚህ ደርሼ አላበላሸውም፡፡»

«ብርዱ አልጎዳዎትም?»

«ብርዱንስ ጋቢዬ አለ ልጄ» አሉኝ፡፡ ከዚያ ከጎናቸው ያሉትን ሴቶች ተመልክተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፡፡ «የሚያስቸግረን ሜዳ መውጫው ነው፡፡ እስኪመሽ እንጠብቃለን፡፡ እሱን ፈርተን ውኃም አንጠጣ፡፡»

ስለ ቱሪዝም ልማት ብዙ ጽሑፍ አንብቤያለሁ፤ በብዙ ስብሰባም ተቀምጫለሁ፡፡ በዚያ መንገድ ላይ ምን እንደጎደለ እንደ እኚህ ሴት በአጭሩ የነገረኝ ግን የለም፡፡ ሴቶች መጸዳጃ ስለሌለ ውኃ አይጠጡም፡፡ ውኃ ስለማይጠጡ ይደክማሉ፡፡ ስለሚደክሙ ምሽት ላይ ብርዱ ይጥላቸዋል፡፡ የነገሩ ሰንሰለት ይህን ይመስላል፡፡ የሚበጠሰውም በጥቂት የሣር ግድግዳና በጉድጓድ ነው፡፡

የላሊበላ ነዋሪዎች ከጥንት ጀምሮ ተሳላሚውን እግሩን አጥበው፣ አብልተው ይቀበላሉ፡፡ ይህ በዓለም ፊት የምንኮራበት ልማድ ነው፡፡ ሆኖም እግሩ የሚታጠበው ከደረሰ በኋላ ነው፡፡ ከመድረሱ በፊት ባሉት ዐሥርና ዐሥራ አምስት ቀናት «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» እያለ በየደጁ በሚያገኘው ቸርነት ይኖራል፡፡ ያን ቸርነት የሚያደርጉት ደግሞ ራሳቸው የተቸገሩ ገበሬዎች ናቸው፡፡ አንድ ቤት አንድ እንግዳ ያሳድራል፤ አንድ መንደር መቶ እንግዳ በየሌሊቱ ሊያሳድር አይችልም፡፡

ሌሎች ምን ያደርጋሉ?

በስፔን ወደ ሳንቲያጎ የሚያመራ የቆየ የተሳላሚዎች መንገድ አለ፡፡ ከፈረንሳይዋ ሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር ተነስቶ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል፡፡ በመጀመሪያው ቀን የሚያጋጥመው የፒሬኔ ተራራ መሻገሪያ በክረምታቸው በረዶና ጭጋግ ይውጠዋል፡፡ የናቫራ ክልል መንግሥት ምን አደረገ? ከፍተኛውን መንገድ በእነርሱ አቆጣጠር ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ዘጋው፡፡ ተሳላሚው በሸለቆው በኩል ባለው ዝቅተኛ መንገድ እንዲሄድ አዘዘ፡፡ ክልከላውን ጥሶ የሚወጣ ይቀጣል፤ የነፍስ አድን ወጪም ሊጠየቅ ይችላል፡፡ እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን መንግሥት «አትሂዱ» ብሎ እንዳልተወ ነው፡፡ አንዱን ሲዘጋ ሌላውን ከፍቶ፣ ምልክት ተክሎ፣ በሸለቆውም ማደሪያ ኖሮ ነው፡፡

ሌላም ነገር አለ፡፡ እያንዳንዱ ተሳላሚ አንድ ወረቀት ይይዛል፤ ባደረበት ሁሉ ማኅተም ይመታለታል፡፡ በዚህም ምክንያት መጨረሻ ላይ ስንት ሰው እንደደረሰ ይታወቃል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመዝግቧል፡፡ መቆጠር ቀላል ነገር አይደለም፡፡ የተቆጠረ ሰው በጀት ይያዝለታል፤ የጠፋ እንደሆነም ይፈለጋል፡፡ በእኛ አገር በአውሮፕላን የሚመጣው መንገደኛ በስሙ ይታወቃል፡፡ በእግሩ የሚመጣው ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም፡፡

ከእኛው አገር ምሳሌ ከተፈለገም የሐጅ ተጓዥን ማየት ይቻላል፡፡ ሳዑዲ ዓረቢያ ለሐጅ የሚመጣ ሰው ሁሉ የማጅራት ገትር ክትባት መውሰዱን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲይዝ ታስገድዳለች፡፡ በዚህ የተነሳ ኢትዮጵያዊው ሐጅ ከመነሳቱ በፊት ይከተባል፤ ይመዘገባል፤ ቡድንና መሪ ይመደብለታል፡፡ ወደ ላሊበላ፣ ወደ ቁልቢ፣ ወደ ግሸን ወይም በባሌ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን በአገሩ ምድር የሚጓዘው ወንድሙ ግን ይህ ሁሉ አይጠየቅም፤ አይደረግለትምም፡፡ የውጭ መንግሥት ለዜጎቻችን ጤና ያወጣውን ሕግ ያህል እኛ ለራሳችን ዜጋ ለምን አናስብም?

ሕጉ ምን ይላል?

«ይህ የሃይማኖት ጉዳይ ነው፤ መንግሥት ምን አገባው?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ፡፡ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል፡፡ ትክክል ነው፡፡ ሆኖም ጣልቃ አለመግባት ማለት ፊትን ማዞር ማለት አይደለም፡፡ መንግሥት ማን እንዲሳለም፣ እንዴት እንዲጸልይ፣ በየትኛው ቀን እንዲያከብር መወሰን አይችልም፡፡ በመንገድ ላይ ለሚያልፍ ዜጋ ንጹሕ ውኃ ማቅረብ ግን ሃይማኖቱን መንካት ሳይሆን ዜግነቱን ማክበር ነው፡፡ ወደ ገበያ የሚሄደውም፣ ወደ ላሊበላ የሚሄደውም ከዚያው ቧንቧ ይጠጣሉ፡፡

አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን ሲያረጋግጥ እምነትን በተግባር መግለጽንም ይጨምራል፡፡ አንቀጽ 32 በአገር ውስጥ በነፃ የመዘዋወር መብትን ይሰጣል፡፡ አንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ፖሊሲዎች ሁሉ ኢትዮጵያዊ የጤና አገልግሎትና ንጹሕ ውኃ እንዲያገኝ ያለሙ መሆን እንዳለባቸው ይናገራል፡፡ አንቀጽ 91 ደግሞ ታሪካዊ ቅርሶችን መጠበቅን የመንግሥትና የዜጎች ግዴታ ያደርገዋል፡፡

ይህ የመጨረሻው አንቀጽ ወደ አንድ ነገር ያመጣኛል፡፡ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፡፡ ከዝናብና ከፀሐይ እንዲጠበቁ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩት መጠለያዎች በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተተክለዋል፡፡ ስለ መጠለያዎቹ ክብደትና ጉዳት ብዙ ተከራክረናል፤ መከራከራችንም ተገቢ ነው፡፡ ይሁንና ለድንጋዩ ጣሪያ ስናበጅ፣ ድንጋዩን ሕያው ላደረገው ሰው የሚያድርበት ጥላ አላሰብንም፡፡ ላሊበላ ከሌሎች የጥንት ሕንፃዎች የምትለየው ዛሬም የሚቀደስባት፣ ዛሬም በእግር የሚመጣባት በመሆኗ ነው፡፡ እግረኛው የቀረ ዕለት አብያተ ክርስቲያናቱ ሙዚየም ይሆናሉ፡፡ በእኔ እምነት ቅርስ ጥበቃ እግረኛውንም ይጨምራል፡፡

ሰላሙስ?

ከብርዱም ከበሽታውም በላይ ባለፉት ዓመታት መንገዱን ያስፈራው ጦርነት ነው፡፡ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ላሊበላ በትግራይ ኃይሎች እጅ ወድቃ፣ ከተማይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትፈራረቅ ቆይታ፣ በመንግሥት እጅ የጸናችው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ገና ሊደርስ ሳምንታት ብቻ ሲቀሩት ነበር፡፡ ከዚያ በኋላ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተቀሰቀሰ፡፡ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተራዝሞ ለ10 ወራት ያህል ቆይቷል፡፡

በአስቸኳይ ጊዜ የመዘዋወር መብት ሊገደብ እንደሚችል የሕግ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፡፡ አንቀጽ 93 ከማይነኩ መብቶች መካከል አልቆጠረውም፡፡ ዳሩ ግን ይኸው አንቀጽ መብቶች የሚታገዱት አዋጁን ያስከተለውን ችግር ለማስወገድ በሚያስፈልግ ደረጃ ብቻ እንደሆነም ይናገራል፡፡ በመቋሚያዋ የምትራመድ የሰባ ዓመት ባልቴት ለማን ስጋት ናት? አዋጅ በሌለበት ጊዜ ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይጠነክራል፡፡ በየኬላው ማንነቱ እየተጠየቀ፣ «ከየት መጣህ፣ ማንን ትደግፋለህ» እየተባለ የሚሄድ ተሳላሚ መብቱ በወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው፡፡

ይህን የምለው ለመንግሥት ብቻ አይደለም፡፡ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን ይሁን፣ ለተሳላሚው መንገድ የመልቀቅ ግዴታ አለበት፡፡ የአገር ሽማግሌዎችና አባቶች ትልቁን የፖለቲካ ጥያቄ መፍታት ባይችሉ እንኳ አንድ ትንሽ ነገር መጠየቅ ይችላሉ፡፡ በዓሉ ሊደርስ 15 ቀን ሲቀረውና ካለፈ በኋላ ለ15 ቀን፣ በታወቁት መንገዶች ላይ እግረኛ እንዳይነካ፣ መኪና ይዘው ውኃና መድኃኒት የሚያደርሱም እንዳይታገዱ ቃል መቀበል፡፡ ታላቅ እርቅ እስኪመጣ ድረስ ትንሽ ቃል ብዙ ነፍስ ታድናለች፡፡

ሳይቃጠል በቅጠል

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሚሊዮን ብር የሚጠይቅ ነገር አልዘረዝርም፡፡

አንደኛ፣ ማደሪያ፡፡ በብዙ የገጠር ቀበሌዎች የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከልና የቀበሌ አዳራሽ አለ፡፡ በእነዚያ ሳምንታት ሌሊት ሌሊት ክፍት ቢሆኑና ወለላቸው ላይ ጭድ ቢነሰነስ፣ በአንድ ቀን መንገድ ርቀት አንድ አንድ ማደሪያ ማግኘት ይቻላል፡፡ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናትም የሰበካ አዳራሻቸውን ቢከፍቱ ወግም ማዕረግም ነው፡፡

ሁለተኛ፣ ውኃና መጸዳጃ፡፡ በየማደሪያው አንድ የውኃ በርሜልና ውኃ አጋር፣ ለሴቶችና ለወንዶች የተለየ ጉድጓድ፣ አመድ ወይም ሳሙና፡፡ ይህን የሚያደርጉት በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው ፕሮግራም የተቋቋመው ለዚሁ ዓይነት ሥራ ነውና፡፡

ሦስተኛ፣ ጤና፡፡ በመንገዱ ላይ ያሉ ጤና ጣቢያዎች በእነዚያ ቀናት በሌሊትም ሰው ይኑራቸው፡፡ በብርድ የወደቀን ሰው እንዴት መርዳት እንደሚቻል ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ለቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች የአንድ ቀን ሥልጠና ይሰጥ፡፡

አራተኛ፣ ምዝገባ፡፡ ከየአጥቢያው የሚወጣው ቡድን ስሙን፣ ቁጥሩንና የሚሄድበትን መንገድ ለደብሩ አስመዝግቦ ይውጣ፡፡ የደብሩ አለቃ ፊርማ ያለበት አንድ ወረቀት ቢይዝ በኬላም ይረዳዋል፤ ከጠፋም ይፈለግበታል፡፡ ይህ ዝርዝር ግን በቤተ ክርስቲያን እጅ ይሁን፤ ለፖለቲካ መቆጣጠሪያ እንዳይውል፡፡

አምስተኛ፣ መንገድ፡፡ በአስፋልት ዳር ጎህ ሳይቀድ የሚሄዱ ብዙዎች ናቸው፡፡ ታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚወጡትም እንዲሁ፡፡ ነጭ ነጠላ በመኪና መብራት ይታያል፤ ቡኒ ባና ግን አይታይም፡፡ ከፊትና ከኋላ የሚሄደው ሰው ባትሪ ይያዝ፤ አሽከርካሪዎችም በእነዚያ ቀናት ፍጥነታቸውን እንዲቀንሱ በሬዲዮ ይነገር፡፡

«መከራው ራሱ በረከት ነው፤ መንገዱን ካቀለላችሁት ምን ስለት ቀረ?» የሚሉ ይኖራሉ፡፡ ይህን ክርክር አከብረዋለሁ፡፡ እኚያ የእስቴ እናት መኪና ላይ አልወጣም ያሉትም ለዚህ ነው፡፡ ማንም በግድ መኪና ላይ ይውጡ አላለም፡፡ ተሳላሚው የተሳለው የእግሩን ድካም፣ የዳገቱን ልፋት፣ የጾሙን ረሃብ ነው፡፡ የተበከለ ውኃ፣ ኮሌራና የኬላ ማንገላታት ግን አልተሳለም፡፡ የእርሱን ስለት ለእርሱ እንተውለት፤ የእኛን ጉድለት ግን በእርሱ ስለት አንሸፍን፡፡

ኅዳር ሲገባ በየጎጆው በሶ መፈጨት ይጀምራል፡፡ ወረዳዎች፣ ሀገረ ስብከቶችና ጤና ቢሮዎች በዚያው ወር አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ለታኅሣሥ ይደርሳሉ፡፡ ገበሬው አውድማውን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ሲወጣ ነፍሱን ለመንገዱ አደራ እየሰጠ ነው፡፡ አደራ ደግሞ በእኛ አገር የሚበላ ነገር አይደለም፡፡

ቸር እንሰንብት!